የሊማሊሞ ታሪክ ግማሹ ባሕር ሥር ነው

ደባርቅ አፋፍ ላይ የወደቀው ምሽግና ፖርት ሱዳን ደጃፍ የሰመጠችው መርከብ የአንድ ጦርነት ሁለት ጫፎች ናቸው። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ሰመጠች መርከብ ምን አገባን?

ከጎንደር የሚነሳው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ ሲመጣ፣ የወገራን ደጋ ይዞ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደባርቅን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ግን መሬት ያልቅበታል። ከፊት ሰማይ፣ ከታች ገደል። ሊማሊሞ የሚባለው ይህ ነው። የጭነት መኪናው ማርሹን ቀንሶ፣ ፍሬኑን እያስጮኸ፣ ጣልያኖች ገደሉን ፈልፍለው ባወጡት ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ጠዋት ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ሸለቆውን ሲሞላው የስሜን አምባዎች ጫፋቸው ብቻ ይቀራል፤ ደሴት ይመስላሉ። በዚህ አፋፍ ላይ ወልከፊት የሚባል ቦታ አለ። በ1933 ዓ.ም. ክረምት ሦስት ሺህ ያህል ሰው የያዘ የጣልያን ጦር እዚያ ተከቦ ከረመና በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ።

ከዚያው አፋፍ በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወፍ በሚበርበት መስመር ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ፖርት ሱዳን ይገኛል። ከወደቡ ወጣ ብሎ፣ ዊንጌት ሪፍ ከሚባለው የኮራል አለት አጠገብ፣ 150 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ በግራ ጎኗ ተኝታለች። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ይሰቀሉባቸው የነበሩት የብረት ክንዶች ጫፋቸው ከውሃው በላይ ብቅ ይላል፤ የታችኛው ጎኗ ግን ከ35 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አርፏል። አየር በጀርባው ያዘለ ጠላቂ በጭነት ክፍሏ አፍ ሲገባ መብራቱ በረድፍ የተደረደሩ የአውሮፕላን ቦምቦችን ያሳየዋል። እንደ ማገዶ የተከመሩ ናቸው፤ ብዛታቸው 360,000 ያህል እንደሆነ ይነገራል። በሌላው ክፍል ሦስት ፊያት መኪኖች ጣሪያቸው ተበልቶ ተጋድመዋል። በሌላው የሲሚንቶ ከረጢቶች አሉ፤ ወረቀቱ በስብሶ ሲሄድ ሲሚንቶው የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። የመርከቧ ስም ኡምብሪያ ነው። ጉዞዋ ወደ ምጽዋ ነበር።

ወልከፊትንና ኡምብሪያን ለየብቻ የሚያነባቸው ሰው ብዙ ነው። ወልከፊት በአርበኞችና በጦር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ፣ ኡምብሪያ ደግሞ በጠላቂ ቱሪስቶች መመሪያ ውስጥ ትገኛለች። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል የሚል ነው። በስሜን ሥር የተደረገው ጦርነት ሁለት ጊዜ በባሕር ተወስኗል፤ አንዴ የባሕሩ በር ለወራሪው ክፍት ሲተው፣ አንዴ ደግሞ ሲዘጋበት። ኡምብሪያ በሁለቱም ጊዜ የነበረች ምስክር ናት። ስለዚህ የሰመጠችው በሌላ አገር ውሃ ቢሆንም፣ የምትናገረው ታሪክ በከፊል የእኛ ነው፤ የእኛ ከሆነ ደግሞ ሳትበሰብስ ልናነባት ይገባል።

መሰላሉና ባሕሩ

ስሜንን ከባሕር የራቀ ተራራ አድርጎ ማየት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ የሚመጣ መንገደኛ፣ ነጋዴም ሆነ ጳጳስ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሊማሊሞን መውጣት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር የገባው በዚሁ ዳገት ነው። አሞሌ ጨው የጫነው ሲራራ ነጋዴ ይህን አቀበት ያውቀው ነበር። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤም ትግራይን ጨምረው ሲገዙ ዓይናቸው ከምጽዋ አልተነቀለም፤ ጠመንጃ የሚገባው በዚያ ነበርና። ውቤ ለንግሥናቸው ያሰቡት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር እጅ መሠራቱ ራሱ ከባሕር ማዶ ጋር የነበረውን ግንኙነት ይናገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ የውቤን የጦር መሣሪያም ወረሰ። ሊማሊሞ እንግዲህ ከጥንትም የቀይ ባሕር መሰላል ነው። ባሕሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ደጋው ይሰማዋል።

ይህ እውነት ከምንም ጊዜ በላይ የተገለጠው በ1928 ዓ.ም. ነው። ኡምብሪያ በ1911 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ስትሠራ ስሟ ባሂያ ብላንካ ነበር፤ ሰውና ዕቃ ወደ ደቡብ አሜሪካ ታመላልስ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. የጣልያን መንግሥት ገዛትና ስሟን ለወጠ፤ ወታደር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማጓጓዣም አደረጋት። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይሏል። ሙሶሎኒ ሠራዊቱን በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምጽዋ የሚያግዝበት ወቅት ነው። ቦዩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበር፤ ሆኖም በ1888 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም መርከብ ክፍት ይሁን ስለሚል፣ የጣልያን መርከቦች አልፈው ሄዱ። የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አላካተተም፤ ቦዩንም አልዘጋም። ጄኔቫ ውስጥ ይህ የሕግ አንቀጽ ክርክር ነበር። በስሜን ግርጌ፣ በተከዜ መሻገሪያ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦርና ከእርሱ ጋር የተሰለፈው የስሜንና የወገራው ገዢ የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግረው ደምበጉና ላይ የጣልያንን ትናንሽ ታንኮች ገጠሙ። ታንኮቹን ከበው፣ ሠራተኞቹን ከውስጥ አውጥተው ድል አደረጉ። ቀናት ሳያልፉ ግን አውሮፕላኖች መጥተው መርዝ ያዘለ በርሜል ጣሉ፤ ፈሳሹ የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ። እምሩ ያዩትን በኋላ ተናግረውታል። ያ መርዝ፣ ያ ታንክ፣ ያ የአውሮፕላን ነዳጅ ሁሉ በመርከብ፣ በስዊዝ በኩል የመጣ ነው። ጀግንነት የጎደለው ሠራዊት አልነበረም፤ ወራሪው በየሳምንቱ የሚታደስ ጭነት ነበረው፣ ተወራሪው ግን አልነበረውም። የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው፤ በሩ ክፍት ሲተው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ሁለተኛው ውሳኔ የተፈጸመው ኡምብሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በግንቦት 1932 ዓ.ም. መርከቧ በጣልያን ወደቦች ቦምብ፣ ማቀጣጠያ፣ ሲሚንቶና መኪና ጭና ወጣች። ጣልያን ገና ጦርነት አላወጀችም፤ ስለዚህ እንግሊዞች በቦዩ እንዳታልፍ መከልከል አልቻሉም። ፖርት ሳይድ ላይ ለጥቂት ቀናት አዘገዩዋት፤ ከዚያም የጦር መርከብ አስከትለው ለቀቋት። ፖርት ሱዳን አጠገብ ስትደርስ ለፍተሻ አስቆሟት፤ የእንግሊዝ ባሕረኞችም ተሳፈሩባት። ካፒቴኗ ሎሬንዞ ሙዬዛን አገሩ ጦርነት ማወጇን የሰማው በሬዲዮ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ገና አልሰሙም። ሙዬዛን የነፍስ አድን ልምምድ ነው ብሎ ሰዎቹን ወደ ጀልባ አወረደ፤ መሐንዲሶቹ በበኩላቸው ከሥር የውሃውን በር ከፈቱት። ጭነቱ በጠላት እጅ ከሚወድቅ መርከቧ ትስመጥ ብሎ ነው። ሰመጠች። ካፒቴኑና ባልደረቦቹ ወደ ህንድ የእስረኞች ካምፕ ተወሰዱ።

ስለዚህ ክስተት ሊባል የሚችለው ትልቁ ነገር ካፒቴኑ ዜናውን ከሬዲዮ መስማቱ ነው። ሮም ጦርነት ስታውጅ የንግድ መርከቦቿን አስቀድማ አልጠራችም፤ ከጣልያን የንግድ መርከቦች ሲሶ ያህሉ ከሜዲትራኒያን ውጭ እንዳሉ ቀሩ። አብረው የተቆረጡት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ የነበሩት ጦሮቿም ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዊዝ ለጣልያን መርከብ ዝግ ሆነ። ነዳጅ፣ የመኪና ጎማና የአውሮፕላን መለዋወጫ በእጅ ያለው ብቻ ሆነ። በመጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ ስትወድቅ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ በወደቡ የነበሩትን መርከቦችና ተንሳፋፊ የጥገና መድረኮች ሆን ብሎ አሰመጠ፤ ወደቡን በሬሳቸው ለመዝጋት። ያንን ወደብ እንደገና ለመክፈት በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጠላቂዎቹ ጋር መጥቶ፣ የሰመጠውን መድረክ በታመቀ አየር እየነፋ ማንሣት ነበረበት። ምጽዋ ላይ የተደረገው የመጥለቅ ሥራ እንግዲህ ከጨዋታ የራቀ፣ የጦርነቱ አካል የሆነ ሥራ ነው።

ከውሃ በታች ያለ ማኅደር

የሰመጠች መርከብ ከወረቀት ማኅደር የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት የሚነግረን ሰዎች ሊጽፉት የፈለጉትን ነው፤ ጭነት ግን ምን እንደታሰበ ሳይደበቅ ያሳያል። የኡምብሪያ ጭነት ቦምብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጦርነት የሚዘጋጅ ቅኝ ገዢን እናይ ነበር። ከቦምቡ ጎን ሲሚንቶ አለ፤ ከሲሚንቶው ጎን ረጃጅም ፊያቶች። ሲሚንቶ የሚያስጭነው ለሠላሳ ዓመት እዚያው እቆያለሁ የሚል መንግሥት ነው። በሊማሊሞ ገደል ላይ የተገነባው የድጋፍ ግንብም ያንኑ ይላል። ሮም በአንድ መርከብ ላይ ለማሸበርና ለመስፈር አብራ አቅዳ ነበር፤ ይህን በአንድ እይታ የሚያሳይ ሰነድ ከዚህች መርከብ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ማኅደር ማንበብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከባሕር ወለል ላይ ሰው የሚሸከመው አየር አንድ ክብደት ከሆነ፣ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ሌላ አንድ ክብደት ይጨመራል። በኡምብሪያ የታችኛው ጎን ላይ የሚዋኝ ጠላቂ ከአራት እጥፍ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ይታመቃል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው ይወጣል። ተጣድፎ ከወጣ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደሙ አረፋ ያወጣል፤ መገጣጠሚያውን ያማል፣ አከርካሪውን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። በዚህ ምክንያት ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይሠራል፤ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ማታ ደባርቅ ላይ የሚያድር ሰው ቢኖር፣ ገደሉን መውጣቱ ብቻ ሊያሳምመው ይችላል። በስሜን ጫፍ ላይ አየር የሚያጥረው መንገደኛና ከባሕር ሥር አየር የሚበዛበት ጠላቂ የአንድ ሕግ ሁለት ጎን ላይ ናቸው።

ኡምብሪያን ለዓለም ያስተዋወቃት ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ፖርት ሱዳን መጥቶ ወረደባት፤ ቀጥሎም በቀይ ባሕር የቀረጸው ፊልም በ1951 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ተሸለመ። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠሩት መተንፈሻ መሣሪያ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የባለሙያ ሥራ የነበረው መጥለቅ የመንገደኛ መዝናኛ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተጣመረችበት ወቅት፣ የጣልያን ጠላቂዎች ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ረጅም ጊዜ ቆይቶ ባለቀለም ፊልም ቀርጿል። የወራሪው አገር ልጆች ካሜራ ይዘው ወደ ባሕራችን ሲመለሱ እኛ ግን ወደ ባሕር ሥር የማየት ልማድ አላዳበርንም። ጉድለቱ የባሕር ማጣት ብቻ አይመስልም፤ ባሕሩ በእጃችን ሳለም ዓይናችን ደጋው ላይ ነበር።

ወልከፊትን ማን ጣለው?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ ከስሜን ይመጣል፤ ጠንካራም ነው። ወልከፊትን የጣለው አርበኛው ነው እንጂ ቀይ ባሕር ላይ የተዘጋ ቦይ አይደለም ይላል። ማስረጃውም አለ። ከሰሜን፣ ከአክሱም በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከሊማሊሞ ግርጌ ደርሶ ቆመ፤ ያንን ገደል እየተተኮሰበት የሚወጣ ሠራዊት አልነበረም። ምሽጉን ከጀርባው፣ ከዳባትና ከጎንደር በኩል የቆረጡት የአካባቢው አርበኞች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር እንግሊዛዊው ሻለቃ ሪንግሮዝ ነበር። መስዋዕትነቱም ቀላል አልነበረም። በሰኔ 1933 ዓ.ም. የአንጄሎ ባስቲያኒ ባንዳ ጦር ራስ አያሌው ብሩን ማርኳል፤ ከበባው ይህን ያህል ያወዛውዝ ነበር።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ይገባል። ከበባ የሚያሸንፈው ምን ሲሆን ነው? የተከበበው የሚበላው ሲያልቅ፣ የሚያድነውም ሲያጣ ነው። ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ 1,600 ገደማ ጣልያኖችንና ከ1,400 በላይ የቅኝ ግዛት ወታደሮችን ይዞ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው ገደሉ ተሰብሮበት አይደለም፤ ስንቁ አልቆበት ነው። አርበኛው የውስጡን መንገድ ዘጋ፤ የተዘጋው ባሕር ደግሞ ከውጭ ሌላ መንገድ እንዳይኖር አደረገ። አንዱ ያለ ሌላው ምን እንደሚሆን በ1928 ዓ.ም. ታይቷል። ያኔም በስሜን ግርጌ ጀግና ነበር፤ ባሕሩ ግን ለጠላት ክፍት ነበር። የአርበኛው ድል በባሕሩ መዘጋት አያንስም፤ የአምስት ዓመት ትግሉ ዕድል ያገኘው መቼ እንደሆነ ግን ይታወቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወታደራዊ ታሪክ አዋቂዎች ይመጣል። 360,000 ቦምብ ምጽዋ ቢደርስስ ምን ይለወጥ ነበር? የሚጥለው አውሮፕላን የት አለ? ትክክል ነው። ጦርነቱ ሲጀመር በምሥራቅ አፍሪካ ከ300 በላይ የነበሩት የጣልያን አውሮፕላኖች በመጨረሻ ጎንደር ላይ ሁለት ቀርተው ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ሲ.አር. 42 የሚባለው ተዋጊ፣ በጥቅምት 1934 ዓ.ም. ተመትቶ ወደቀ። ኅዳር 18 ቀን የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። ስለዚህ ኡምብሪያ ብትደርስ ኖሮ ወልከፊት አይወድቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ይህ ጽሑፍም አይልም። አውሮፕላኑ ያለቀው ግን በምን ምክንያት ነው? ሞተሩ፣ ክንፉና ቤንዚኑ በመርከብ ይመጣ ነበርና። ኡምብሪያ የዚህ ሁሉ ምልክት ናት እንጂ ብቸኛ ምክንያት አይደለችም። ደግሞ ቦምቡ የተሠራው ለእንግሊዝ ምሽግ ብቻ እንዳልነበረ መርሳት አይገባም። በእነዚያ አምስት ዓመታት የጣልያን ቦምብ የወረደበት ጎጆ፣ ከብትና ማሳ የማን እንደነበር የሚጠፋው ደገኛ የለም። እዚያ ባሕር ሥር የቀረው እያንዳንዱ ቦምብ አንድ ቦታ ያልወደቀ ቦምብ ነው።

ባሕር የሌለው አገር፣ የጠላት መርከብ

ሦስተኛው ተቃውሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ የጠላት ንብረት ነው፣ ለምን እናዝንለት? መልሱን ሊማሊሞ ራሱ ይሰጣል። መንገዱን የሠራው ጠላት ነው፤ ዛሬ ግን ጤፍና ሽንኩርት ይጫንበታል፤ ማንም የጠላት መንገድ ነው ብሎ በእግሩ አይሄድም። ቅርስ የሚያሰኘው የሠሪው ደግነት አይደለም፤ የሚናገረው ታሪክ ነው። የወረራውን ጥፋት የሚያስታውስ ነገር ሁሉ በጥፋቱ የተጎዳው ሰው ማስረጃም ነው። ማስረጃውን ጥፋተኛው ብቻ እንዲይዘው መተው፣ ታሪኩንም እርሱ ብቻ እንዲተርከው መፍቀድ ነው። ዛሬ ስለ ኡምብሪያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ካፒቴኑ ብልሃትና ስለ ኮራሉ ውበት ነው፤ ቦምቡ ለማን እንደተጫነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ከደባርቅ ሰው የተሻለ የሚገባው የለም።

አራተኛው ተቃውሞ ወቅታዊ ነው፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። በዚህ ዘመን ኢትዮጵያዊ ስለ ቀይ ባሕር አንድ ቃል ሲተነፍስ ስለ ወደብ የሚናገር ይመስላል፤ ጎረቤትም ጆሮውን ያቆማል። ነገር ግን ታሪክን መጋራትና ውሃን መጠየቅ የተለያዩ ናቸው፤ ዓለም አቀፍ ሕግም ለይቶ አስቀምጧቸዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የጸደቀውና ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የውሃ ሥር ባህላዊ ቅርስ ስምምነት፣ በአንድ አገር ውሃ ውስጥ ካለ ቅርስ ጋር ሌላ አገር በባህል፣ በታሪክ ወይም በአርኪዮሎጂ የተረጋገጠ ትስስር ሊኖረው እንደሚችል ያውቃል። እዚያው ላይ ደግሞ በስምምነቱ መሠረት የሚደረግ ምንም ነገር የሉዓላዊነት ጥያቄ መነሻ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። ኡምብሪያ ያለችው በሱዳን ውሃ ነው፤ የምጽዋ መርከቦች ያሉት በኤርትራ ውሃ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የምንጠይቀው የመርከቧን ታሪክ ለማንበብና እንድትጠበቅ ለመናገር መብት ያለን ጎረቤቶች መሆናችንን ነው። የጋራ ጠላት ያሰመጠውን በጋራ ማስታወስ ከሚያጣላ ይልቅ የሚያቀራርብ ጉዳይ ነው።

እስከ 2032 ዓ.ም.

አሁን የሚያስቸኩለው ጊዜው ነው። ስምምነቱ የውሃ ሥር ቅርስ የሚለው ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየን ነገር ነው። ኡምብሪያ ያንን ዕድሜ የምትደፍነው በሰኔ 2032 ዓ.ም. ነው፤ የምጽዋ መርከቦች ደግሞ በ2033 ዓ.ም.። እስከዚያ ድረስ በስምምነቱ ዓይን አሮጌ ብረት ናቸው። አሮጌ ብረት ምን እንደሚገጥመው ሰፈራችን የሚዞረው ቆራሌው ያውቀዋል። በባሕር ላይም ቆራሌው አለ። በ1942 እ.ኤ.አ. ጃቫ ባሕር ውስጥ የሰመጡት ሁለት የኔዘርላንድ የጦር መርከቦች፣ ደ ራይተርና ጃቫ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ጠላቂዎች ሲወርዱ በቦታቸው አልተገኙም፤ ከነሙሉ ብረታቸው ተጭነው ተሽጠዋል። ግብፅ ውስጥ የምትገኘው ቲስልጎርም የምትባል የእንግሊዝ መርከብ፣ ወልከፊት በወደቀ በቀናት ልዩነት የሰመጠች፣ በዓለም ዝነኛ የመጥለቂያ ቦታ ብትሆንም፣ የጭነቷን ሞተር ሳይክልና መኪና ዕቃ ጎብኚ እየነቀለ ወስዶታል። ማንም ባይነካት እንኳ ብረት በጨው ውሃ ይበላል፤ ከጠላቂው አፍ የሚወጣው አየር በክፍሎቹ ጣሪያ ሥር ሲታሰር ዝገቱን ያፋጥነዋል። ኡምብሪያ ላይ በተጨማሪ ቦምቡ አለ፤ ለማንሣት መድፈርም፣ ትቶ መርሳትም አደጋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ጠባቂም ጎብኚም አሳጥቷታል።

አንድ ሰው ደባርቅ ዛሬ ሌላ ችግር የላትም ወይ ሊል ይችላል። አላት፤ ጦርነት ምን እንደሆነም ከመጽሐፍ መማር የማያስፈልገው አካባቢ ነው። ቢሆንም እዚህ የሚጠየቀው ነገር ርካሽ ነው። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የዓለም ቅርሶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱን የምትጠብቅ ከተማ ናት። ጎብኚው ጭላዳና ዋልያ ለማየት ሲመጣ አስጎብኚው ወልከፊት አፋፍ ላይ አቁሞ ይህንን ታሪክ ሊነግረው ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ የድንጋይ ሰሌዳና የተዘጋጀ ትረካ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን አረጋውያን ቃል ሊሰበስብ ይችላል፤ የወልከፊትን ከበባ ከአባቶቻቸው የሰሙት እየቀነሱ ነውና ይህ ከብረቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚጠፋ ማኅደር ነው። የቅርስ ባለሥልጣንም ከሱዳንና ከኤርትራ አቻዎቹ ጋር መነጋገር ሲቻል በቀይ ባሕር ያሉትን የወረራ ዘመን መርከቦች ዝርዝር የጋራ ሥራ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። አንዱም ሥራ ውሃ ውስጥ መግባትን አይጠይቅም። የመጥለቅ ጥበቡን የሚያውቁ ይጥለቁ፤ የእኛ ድርሻ የሚያገኙትን ምን ማለት እንደሆነ መንገር ነው።

ለዚህ ትረካ ከሲሚንቶው የተሻለ መነሻ አይገኝም። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ በስዊዝ በኩል ከመጣው ሲሚንቶ የተወሰነው ግንብ ሆኖ ቆሟል፤ ዝናብ ሲያጥበው፣ የመኪና ጎማ ሲያንቀጠቅጠው ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው። ዊንጌት ሪፍ ላይ ያለው ደግሞ የከረጢቱን ቅርጽ ይዞ፣ ረድፍ በረድፍ እንደተጫነ ደርቋል፤ ግንብ ሊሆን ታስቦ ግንብ ሳይሆን የቀረ ነው። አንዱ ባሕሩ ሲከፈት የተሠራውን፣ ሌላው ሲዘጋ የቀረውን ያሳያል። ደባርቅ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያይ ሰው ጣልያን መንገድ ሠርቶ ሄደ ይላል። ሁለተኛውን አብሮ የሚያይ ግን ከሲሚንቶው ጎን የተከመረውን ቦምብ ያያል፤ መንገዱ ምን ሊያመጣበት ተሠርቶ እንደነበርም ያውቃል።